ስለ ካቶሊካውያን የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ታሪክ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ምሳሌ በኢትዮጵያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። ምሳሌው ሴት አታውቅም አይልም፤ ማወቋንስ አምኖ ይቀበላል፤ ነገር ግን የዕውቀቷን መደምደሚያ ከእጅዋ ወስዶ ለሌላ ይሰጣል። ይህ አሳብ በአንድ አገርና በአንድ ሕዝብ ብቻ የታጠረ አልነበረም። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንን የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ታሪክ የሚመረምር ሰው ይኸው አሳብ በኢጣልያና በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ፣ ኋላም በምሥራቅ አፍሪቃ ልዩ ልዩ ልብስ ለብሶ ሲመላለስ ያገኘዋል።

የዚህ ንግግር ቁም ነገር አንድ ነው። ወደ አምስት መቶ በሚጠጉ ዓመታት ውስጥ ለልጃገረዶች ትምህርት መስፋት ወይም መጥበብ ዋናው ምክንያት የሕንፃ ማማር ወይም የገንዘብ መብዛት አልነበረም፤ የመምህርቷ ነገር ነበር። መምህርቷ ተማሪዋ ወዳለችበት ለመሄድ በተፈቀደላት ጊዜ ትምህርቱ ከድኃይቱ ደጃፍ ደረሰ። መምህርቷ በቅጥር ውስጥ በተዘጋባት ጊዜ ግን ትምህርቱ ይልቁንም ወደ ቅጥሩ ለመምጣት ለምትችለው ለባለጸጋው ልጅ ቀረ። ከተማሪዎቹም መካከል አዲስ መምህርት በተነሣች ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሥር ሰደደ። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመካከለኛው ዘመን በኤውሮፓ የሴቶች ገዳማት የትምህርት ስፍራዎች ነበሩ። በእነዚህ ገዳማት መዝሙረ ዳዊትን፣ ንባብን፣ ዜማንና ጥልፍን ይማሩ የነበሩት ግን ይልቁንም የመኳንንትና የባለርስቶች ሴቶች ልጆች ነበሩ። የገበሬውና የእጅ ሠራተኛው ልጅ ከእናቷ ዘንድ መፍተልን፣ ማብሰልንና በቃል የሚደገም ጸሎትን ትማር ነበር፤ ፊደል የማየት ዕድል ግን እምብዛም አልነበራትም።

በ1474 ገደማ በሰሜን ኢጣልያ በጋርዳ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዴሴንዛኖ አንጀላ ሜሪቺ ተወለደች። ወላጆቿ ገና በልጅነቷ ሞተውባት ነበርና የሙት ልጅን ኑሮ አሳምራ ታውቀው ነበር። በኅዳር 25 ቀን 1535 በብሬሻ ከተማ ከ28 ባልንጀሮቿ ጋራ የቅድስት ኡርሱላን ማኅበር መሠረተች። የማኅበሩ ሥርዐት ለዚያ ዘመን እንግዳ ነበር። የማኅበሩ ደናግል ገዳም አልነበራቸውም፤ በየወላጆቻቸው ቤት ወይም በየተቀጠሩበት ቤት እየኖሩ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ሕይወት ይመሩ ነበር። አንጀላ በ1540 ካረፈች በኋላ ማኅበሩ ወደ ሚላኖና ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ፤ ደናግሉም በሰንበት ልጃገረዶችን እየሰበሰቡ ትምህርተ ክርስቶስን ያስተምሩ ጀመር። መምህርቷ በጎረቤት ትኖር ስለ ነበር ተማሪዋ እርሷን ለማግኘት ከሰፈሯ መራቅ አላስፈለጋትም።

ይሁን እንጂ ይህ ነፃነት ብዙ አልቈየም። የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 መነኮሳይያት ሁሉ ከገዳማቸው ቅጥር እንዳይወጡ አጥብቆ ደነገገ፤ በ1566ም የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ ድንጋጌውን የሚያጠብቅ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ የተሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። በብዙ ገዳማት ሥርዐት ላልቶ ነበር፤ ጥሪው የሌላቸውን ሴቶች ልጆች ጥሎሽ ለመሸሽ ሲሉ ወደ ገዳም የሚያስገቡ ወላጆችም ነበሩ። ነገር ግን ለአንዱ ሕመም የታዘዘው መድኃኒት ጤነኛውንም ክፍል አሰረው። በድንጋጌው መሠረት ፍጹም መሐላ ያላት መነኮሳይት በጎዳና ልትመላለስ፣ ወደ ድኃ ሰፈር ልትወርድ፣ ሰው ወደሚበዛበት ስፍራ ሄዳ ልታስተምር አትችልም ነበር።

በፈረንሳይ አገር የነበሩት የኡርሱላ ደናግል ለዚህ ችግር አንድ ብልሃት አገኙ። በ1612 የፓሪሱ ቤታቸው በቅጥር የተከለለ ገዳም ሲሆን፣ ከሦስቱ የተለመዱ የምንኵስና መሐላዎች በላይ ልጃገረዶችን ለማስተማር የሚገቡት አራተኛ መሐላ ተጨመረላቸው። መምህርቷ ወደ ተማሪዋ እንዳትወጣ ስለ ተከለከለች ተማሪዋ ወደ መምህርቷ እንድትገባ ተደረገ። በቅጥሩ ውስጥ ሁለት ዐይነት ትምህርት ቤት ተሠራ፤ አንዱ ገንዘብ የሚከፍሉ አዳሪዎች የሚኖሩበት፣ ሁለተኛውም የከተማው ድኆች ልጆች ያለ ክፍያ እየተመላለሱ የሚማሩበት ነበር። የአዳሪዎቹ ክፍያ ለገዳሙ ኑሮ ድጋፍ ነበረ። ይህ አሠራር በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም፤ በብዙ የፈረንሳይ ከተሞች ልጃገረድ ማንበብንና መጻፍን የተማረችው በዚህ በር ገብታ ነው። በ1639ም ማሪ ዘሥጋዌ የምትባለው የኡርሱላ መነኮሳይት ከጓደኞቿ ጋራ ውቅያኖስ ተሻግራ በካናዳ በኬቤክ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ የአገሩንም ተወላጆች ቋንቋ ተምራ በቋንቋቸው ጻፈች። ስለዚህ ቅጥር የቅን ልቡናን ሥራ ፈጽሞ አስቀረ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከገዳሙ ርቃ የምትኖረው የገጠር ልጅ፣ አዳሪ የምትሆንበት ገንዘብ ከሌላት፣ ያ በር አልተከፈተላትም።

በዚሁ ዘመን ችግሩን ከሥሩ ለመንቀል የተነሣችው ሜሪ ዋርድ ናት። በ1585 በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ተወለደች። በዚያ ወራት በእንግሊዝ የካቶሊክ ሃይማኖት በሕግ የተከለከለ ስለ ነበር፣ ካህናት በስውር የሚያድሩበትና እናቶች ቤታቸውን ቤተ ጸሎት የሚያደርጉበት ኑሮ ውስጥ አደገች። ሴቶች በአደጋ ጊዜ ሃይማኖትን ደብቀው ማቆየት ከቻሉ፣ በሰላም ጊዜ ማስተማርን እንዴት አይችሉም የሚለው ጥያቄ በአእምሮዋ መብቀሉ አያስደንቅም። በ1609 ባልንጀሮቿን ይዛ ባሕር ተሻግራ በሳንቶሜር ከተማ ማኅበር አቋቋመች፤ ለስደተኞች እንግሊዛውያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ለከተማውም ልጃገረዶች ያለ ክፍያ የሚሰጥ የተመላላሾች ትምህርት ቤት ከፈተች።

የሜሪ ዋርድ አሳብ ግልጽ ነበር። የኢየሱሳውያን ካህናት ማኅበር ለወንዶች ያደረገውን እርሷ ለሴቶች ልታደርግ ፈለገች። ማኅበሯ በቅጥር የማይዘጋ፣ ልዩ የምንኵስና ልብስ የማያስገድድ፣ ከራሱ ከደናግሉ መካከል በምትመረጥ አንዲት አለቃ የሚመራ፣ አስፈላጊ ሆኖ በተገኘ ስፍራ ሁሉ ሄዶ የሚያስተምር እንዲሆን ጠየቀች። በትምህርት ቤቶቿም ላቲን እንኳ ሳይቀር ይሰጥ ነበር። በ1617 ገደማ አንድ ካህን ስለ ማኅበሩ ትጋት ሲነገር ሰምቶ፣ ምንም ቢሆን ሴቶች ናቸውና ትጋታቸው ይበርዳል ማለቱ ተነገራት። ሜሪ ዋርድም ለባልንጀሮቿ ባደረገችው ንግግር፣ የመንፈስ ትጋት የሚመጣው ወንድ ወይም ሴት ከመሆን ሳይሆን እውነትን ከማወቅና ከማፍቀር መሆኑን፣ ሴቶችም ወደ ፊት ታላቅ ነገር እንደሚሠሩ አስረዳች። ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ካህኑ የተናገረው በሌላ አገር ቋንቋ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ማለት ነበር።

በ1621 ሜሪ ዋርድ የማኅበሯን ሥርዐት ለማጸደቅ የአልፕስን ተራራ በእግሯ ተሻግራ ወደ ሮማ ወረደች። በሮማ፣ በናፖሊና በፔሩጂያ፣ ከዚያም በሙኒክና በቪየና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ተቃዋሚዎቿ ግን ብዙዎች ነበሩ። ደናግሉ ከአገር ወደ አገር በመመላለሳቸው «ጋላቢዎቹ ልጃገረዶች» እየተባሉ ተዘበተባቸው። በጥር ወር 1631 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ ማኅበሩ እንዲፈርስ በብርቱ ቃል አዘዘ። ሜሪ ዋርድም በሙኒክ እንደ መናፍቅ ተይዛ በአንድ ገዳም ታሰረች። በእስር ቤቱ ሳለች ለባልንጀሮቿ በሎሚ ጭማቂ ትጽፍ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ወረቀቱ በእሳት ሲሞቅ እንጂ ለዐይን አይታይም። ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈታች፤ ትምህርት ቤቶቿ ግን አብዛኞቹ ተዘጉ። በ1645 በትውልድ አገሯ በዮርክ አጠገብ ዐረፈች።

በዚህ ስፍራ አንድ መምህር ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ማኅበሩ በወረቀት ፈረሰ፤ የማስተማር ሥራው ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በሙኒክ የነበሩት ሴቶች በባቫርያው መስፍን በማክሲሚሊያን ጥበቃ ሥር፣ የምንኵስና ስም ሳይኖራቸው ልጃገረዶችን ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ1686ም ፍራንሲስ ቤዲንግፊልድ በዮርክ ከተማ በር አጠገብ ቤት ገዝታ ባር ኮንቬንት ተብሎ የታወቀውን ቤት መሠረተች። ሕጉ ገና አልተሻረም ነበርና ደናግሉ ተራ ልብስ እየለበሱ፣ ሃይማኖታቸውን ደብቀው ያስተምሩ ነበር። ከአዳሪዎቹ ትምህርት ቤት ሌላ በ1699 ለድኆች ልጃገረዶች ያለ ክፍያ የሚሰጥ የተመላላሾች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሜሪ ዋርድ ትታው የሄደችው ሕንፃ አልነበረም፤ ማስተማርን የተማሩ ሴቶች ነበሩ። ሕንፃን መዝጋት ይቻላል፤ በመምህርት ልብ ውስጥ ያለውን ግን የሚዘጋ ቍልፍ አልተገኘም።

በአየርላንድም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በ1695 የወጣው ሕግ ካቶሊኮች ትምህርት ቤት እንዳይከፍቱና ልጆቻቸውንም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር እንዳይልኩ ይከለክል ነበር። በ1718 የተወለደችው ናኖ ኔግል የባለጸጋ ልጅ በመሆኗ በፈረንሳይ አገር ተምራ ተመለሰች። ከዚያም በ1750ዎቹ በኮርክ ከተማ፣ ከቤተ ዘመዶቿ እንኳ ሳይቀር ደብቃ፣ በአንዲት ጭቃ ቤት ውስጥ ሠላሳ ያህል ልጃገረዶችን ሰብስባ ማስተማር ጀመረች። ሥራው እየሰፋ ሄዶ ትምህርት ቤቶቿ ሰባት ሆኑ። ቀን ስታስተምር ውላ ማታ ፋኖስ ይዛ በጠባቡ መንገድ ድኆችንና ሕሙማንን ትጐበኝ ነበርና ስሟ እስከ ዛሬ ከፋኖሱ ጋራ ይነሣል።

ናኖ ኔግል ከእርሷ በኋላ ሥራውን የሚቀጥል እንዲኖር ብላ በ1771 የኡርሱላን ደናግል ከፈረንሳይ ወደ ኮርክ አስመጣች። ደናግሉ ግን በቅጥር ሕግ የታሰሩ ስለ ሆኑ ከገዳማቸው ወጥተው በየጭቃ ቤቱ ለማስተማር አልቻሉም። ስለዚህ በ1775 በገና ዋዜማ ከጥቂት ጓደኞቿ ጋራ ያለ ቅጥር የሚሠራ ሌላ ማኅበር መሠረተች። በ1784 እርሷ ካረፈች በኋላ በ1805 ይኸው ማኅበሯ በተራው በቅጥር ተከለለ። ድኆቹ ወደ ገዳሙ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር፤ ፋኖስ ይዞ መውጣት ግን ቀረ። አንድ አሳብ ሦስት ጊዜ፣ በብሬሻ፣ በሮማና በኮርክ፣ ከዚያው ቅጥር ጋራ ተጋጨ።

ከዮርኩ ቤት የወጣችው አንዲት ተማሪ ደግሞ ነገሩን ወደ ሩቅ አገር አደረሰችው። ፍራንሲስ ቦል በ1794 በደብሊን ተወልዳ በዘጠኝ ዓመቷ ለትምህርት ወደ ባር ኮንቬንት ተላከች። ካደገችም በኋላ ወደዚያው ተመልሳ ለሕይወቱና ለማስተማሩ ተሰናዳች። በ1821 ወደ አየርላንድ ተመለሰች፤ በሚከተለውም ዓመት በደብሊን አጠገብ በራትፋርንሃም የሎሬቶን ቤት ከፈተች። ከዚያም ቤት የወጡ ደናግል በ1841 ወደ ሕንድ አገር ወደ ካልካታ ሄዱ። ይህ የትምህርት ዘር ሐረግ ሊዘነጋ አይገባውም፤ የሜሪ ዋርድ ባልንጀሮች ተማሪዎች አስተማሩ፣ የተማሩትም ሌሎችን አስተማሩ፣ ከእነዚያም አንዲቱ የሎሬቶን ቤት መሠረተች።

የቤተ ክርስቲያኒቱም ሕግ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1749 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 14ኛ የሜሪ ዋርድ ልጆች በአንዲት አለቃ ለመመራት እንዲችሉ ፈቀደ፤ ሆኖም ሜሪ ዋርድን መሥራቻችን ብለው እንዳይጠሯት ከለከለ። በ1877 ፒዮስ 9ኛ ማኅበሩን አጸደቀ። በ1900 ሊዮን 13ኛ ባወጣው ሕግ በቅጥር ሳይዘጉ የሚያስተምሩና ሕሙማንን የሚረዱ የደናግል ማኅበሮች ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሙሉ ስፍራ አገኙ። በ1909 የሜሪ ዋርድ ስም ለመሥራችነቱ ተመለሰላት፤ በ2009ም የቅድስና መንገዷ ተመርምሮ ክብርት ተብላ እንድትጠራ ተወሰነ። አንዲት ሴት ላነሣችው የትምህርት አሳብ ከተከሰሰችበት ጊዜ እስከ ተመሰገነችበት ጊዜ ድረስ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዐለፈ።

ይህ ለውጥ ለአፍሪቃ ልጃገረድ የነበረው ትርጕም ቀጥተኛ ነበር፤ ምክንያቱም በቅጥር የተዘጋች መምህርት ወደ መንደር አትደርስም። በኡጋንዳ የእመቤታችን የአፍሪቃ ደናግል፣ በተለምዶ ነጫጭ እኅቶች የሚባሉት፣ በ1899 ደረሱ። በጥር ወር 1903ም ማዘር ኬቪን ከአምስት የፍራንቸስካውያን እኅቶች ጋራ በካምፓላ አጠገብ በምትገኘው በንሳምቢያ ገቡ። ማዘር ኬቪን በ1875 በአየርላንድ የተወለዱና ወደ ገዳም ከመግባታቸው በፊት በረዳት መምህርትነት የሠሩ ነበሩ። የመጀመሪያው የሕክምና ስፍራቸው የማንጎ ዛፍ ጥላ እንደ ነበረ ይነገራል። የእንቅልፍ በሽታና ሌላም ደዌ ሕዝቡን ይፈጅ በነበረበት በዚያ ወራት እኅቶቹ ማስተማሩንና ማስታመሙን አንድ ላይ ያዙት።

በኡጋንዳ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን የውጭ አገር እኅቶች መምጣታቸው ብቻ አልነበረም። በ1910 ባናቢኪራ የሚባለው የአገሩ ተወላጆች ደናግል ማኅበር ተመሠረተ። ማዘር ኬቪንም በ1923 ስምንት ልጃገረዶችን ይዘው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ታናናሽ እኅቶች ማኅበርን አቋቋሙ። እነዚህ ማኅበሮች የአገሩን ቋንቋ ከእናታቸው ጡት ጋራ የጠቡ፣ የእናቶችን ፍርሃትና የአባቶችን ጥርጣሬ የሚያውቁ መምህራትንና ነርሶችን አፈሩ። በንማጉንጋ ያለው የቅድስት ማርያም ትምህርት ቤትም ከማዘር ኬቪን ሥራ የበቀለ ሲሆን ብዙ ታላላቅ ሴቶችን አስተምሯል። ማዘር ኬቪን በ1957 በአሜሪካ አገር ሲያርፉ፣ የኡጋንዳ ሕዝብ አስከሬናቸው እንዲመጣለት ፈልጎ በንኮኮንጄሩ ተቀበሩ።

ወደ ኬንያ የሎሬቶ እኅቶች በ1921 ደረሱ። እዚህ ላይ የታሪኩን ጥቍር ገጽ መሸፈን ለመምህር አይገባም። በናይሮቢ በምሶንጋሪ በመጀመሪያ የከፈቱት ትምህርት ቤት ለኤውሮፓውያን ልጆች ነበር። የቅኝ ግዛቱ ሥርዐት ነጩን፣ ሕንዳዊውንና አፍሪቃዊውን በየቀለሙ ለይቶ ያስተምር ነበርና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችም በዚያው አጥር ውስጥ ሠሩ። ለአፍሪቃውያን ልጃገረዶች የሚሆነው የሎሬቶ ትምህርት ቤት በሊሙሩ የተከፈተው በ1936 ነው። የድንጋዩ ቅጥር ከፈረሰ በኋላ የቀለም ቅጥር ቆሞ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ቅጥር መካከል ያለፈች አንዲት ልጅ ታሪክ የነገሩን ሁለት ፊት ያሳያል። ዋንጋሪ ማታይ በ1940 በኒዬሪ አውራጃ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደች። ወንድሞቿ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ እርሷ ግን እናቷን ትረዳ ነበር። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ እርሷ ስለ ምን እንደማትማር እናታቸውን ጠየቀ፤ ራሷ ፊደል ያልቈጠረችው እናት ጥያቄውን በጎ ፈቃድ አድርጋ ተቀበለችው። ዋንጋሪ በሰፈሯ ትምህርት ቤት ከጀመረች በኋላ በ11 ዓመቷ የኮንሶላታ እኅቶች ይመሩት ወደ ነበረው በማታሪ ወደሚገኘው የቅድስት ሴሲሊያ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ፈተናውንም በአንደኝነት ዐልፋ ከ1956 እስከ 1959 በሊሙሩ በሎሬቶ ተማረች፤ በዚያን ጊዜ በኬንያ ለአፍሪቃውያን ልጃገረዶች የነበረው የካቶሊክ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይኸው ብቻ ነበር። በዚያም ሳይንስን የምታስተምራት መነኮሳይት ባደረገችላት ማበረታታት ለሳይንስ ያላት ፍቅር አደገ። በ1960 ወደ አሜሪካ ሄዳ በካንሳስ ክፍለ ሀገር የቤኔዲክት ደናግል ይመሩት በነበረው የሴቶች ኮሌጅ ገባች፤ በ1964ም በሥነ ሕይወት ትምህርት ተመረቀች።

ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ በ1971 የዶክተርነትን ማዕርግ ሲያገኙ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪቃ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶን ንቅናቄ መሠረቱ፤ በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2011ም ዐረፉ። በ2006 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ስለ መነኮሳይያቱ በምስጋና ይናገራሉ። ነገር ግን በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ በእናቷ ቋንቋ ስትናገር የተገኘች ልጅ የሚያሳፍር ምልክት በደረቷ እንድታደርግ ይገደድ እንደ ነበር፣ ይህም ልጆችን በራሳቸው ቋንቋ እንዲያፍሩ ማድረጉን ይመሰክራሉ። ስለዚህ ያው ትምህርት ቤት በአንድ እጁ የዓለምን ዕውቀት ሲሰጥ በሌላው እጁ የአገርን ቋንቋ ይገፋ ነበር። ይህ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን በብዙ የቅኝ ግዛት ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሥራ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤቶችም የልጃገረዶቹ ሰዓት ከሒሳብና ከሳይንስ ይልቅ በስፌትና በቤት አያያዝ ያልቅ ነበር። ምስጋናውም ወቀሳውም በየስፍራው ሊቀመጥ ይገባዋል።

በዚህ በአፍሪቃ ቀንድም የደናግሉ ሥራ የታወቀ ነው። በአሥመራ የኮምቦኒ ደናግል በ1958 ቅድስት ቤተ ሰብ የተባለውን ኮሌጅ ከፈቱ፤ ይህም ኋላ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃው ነው። ዩኒቨርሲቲው ዛሬ በቀድሞ መልኩ ባይገኝም፣ በአፍሪቃ ቀንድ የአንድ ዩኒቨርሲቲ መሠረት በሴቶች ማኅበር እጅ መጣሉ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥቱ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 ለልጃገረዶች ተከፍቶ ነበር፤ በአዲስ አበባ ካሉትም ካቶሊካውያን የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች አንዱ የናዝሬት ትምህርት ቤት ነው። መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በየበኩላቸው የሠሩት ሥራ አንዱ ሌላውን የሚያግዝ እንጂ የሚሽር አይደለም።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ይህ ታሪክ ሃይማኖቱ ልዩ ለሆነ ሰውም ቢሆን የሚጠቅም ትምህርት አለው። የመጀመሪያው፣ ለልጃገረድ ትምህርት ቤት ከመሥራት ይልቅ ልጃገረዷ ከትምህርት ቤቱ እንዳትደርስ የሚከለክላትን ቅጥር ማወቅ ይቀድማል። ቅጥሩ በአንዱ ዘመን የድንጋይ፣ በሌላው የሕግ፣ በሌላውም የቀለም ነበር። በዛሬው ጊዜ በአንዳንዱ ገጠር የመንገድ ርቀት፣ የውሃ መቅጃው ድካም፣ ያለ ዕድሜ የሚመጣ ጋብቻ ወይም የመጸዳጃ ቤት መጥፋት ይሆናል። መምህር የሰፈሩን ቅጥር በስሙ ካላወቀው ሊያፈርሰው አይችልም።

ሁለተኛው፣ ከውጭ የመጣች መምህርት ሥራን ትጀምራለች፤ ሥራውን የምታጸናው ግን ከዚያው መንደር የተገኘች መምህርት ናት። የኡጋንዳ ማኅበሮች የመሰከሩት ይህንን ነው። አንዲት ልጃገረድ በሰሌዳው ፊት የቆመችውን፣ ቋንቋዋን የምትናገረውን፣ እንደ እናቷ የተጐነጐነችውን መምህርት ባየች ጊዜ ያለ ስብከት የምትማረው ነገር አለ፤ በዚያ ስፍራ እርሷም ልትቆም እንደምትችል ታውቃለች። ስለዚህ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የምትገባ አንዲት ሴት አንዲት ተማሪ ብቻ አይደለችም፤ ከእርሷ በኋላ የሚመጡት ክፍሎች ሁሉ በእርሷ ውስጥ ተቀምጠዋል። የምልመላው ጊዜ በደረሰ ቍጥር ስንት ሴቶች ገቡ፣ ከገቡትስ ስንቶቹ ጨረሱ፣ ከጨረሱትስ ስንቶቹ በተመደቡበት ገጠር ቤትና ጥበቃ አግኝተው ቆዩ የሚለውን መጠየቅ የማኅበሩ ሁሉ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው፣ የመምህርት ሥራ በዘመኗ ባይመሰገን ከንቱ አይሆንም። ሜሪ ዋርድ ስትሞት በዐይኗ ያየችው የተዘጉ በሮችን ነበር። ከእርሷ የተማሩት ግን ሌሎችን አስተማሩ፤ ሌሎቹም ሌሎችን፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በኒዬሪ ኮረብታ የተወለደች የገበሬ ልጅ በሊሙሩ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ የዚያች ሴት ድካም ደረሰላት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ለሚለው ምሳሌ የሚገባው መልስም ክርክር አይደለም፤ ያወቀችው ሴት ዕውቀቷን ለሌላይቱ ሴት ማስረከቧ ነው።